አንድ ጊዜ የተባለ

«እሱን እኮ ባለፈው አጥንተነዋል፣ መምህር!» አለች አመተ ጊዮርጊስ፣ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ ተክላ። «ሆቴል እንግዳ ስቀበል፣ ቁልፍ ሳቀብል፣ አንሶላ ሳጥፍ እሱኑ ሳንጎራጉር ነው የከረምኩት። ዛሬ ደግሞ ሌላ ግጥም ይዘው መጡ?»

መምህር ሰይፈ ሥላሴ ኩታውን ትከሻው ላይ አስተካከለ። «ያ ተባለ እኮ።»

«ተባለ ማለት?»

«ተባለ ማለት ተባለ ነው። የተባለ ነገር ይደገማል እንዴ?»

ማሲንቆውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ የተቀመጠው ወንዴ ሳቁን ለመደበቅ ጢሙን አሻሸ። «እንግዲህ አመቴ፣ አንቺም ከዛሬ ጀምሮ አንድ ጊዜ ያደረ እንግዳ ሁለተኛ እንዳታሳድሪ። ያደረ አደረ!»

አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። ከኪቦርዷ ኋላ የተቀመጠችው ማርያማዊት ብቻ አልሳቀችም። ቅዳሜ ላሊበላ ላይ ሕዝብ ፊት የሚቀርበውን ሙዚቃዊ ቲያትር የጻፈችው እሷ ናት፤ ዜማውንም የሠራችው እሷው። ቅዳሜ ደግሞ ሩቅ አልነበረም።

«መምህር» አለች፣ ድምፅዋን እንደምንም አለስልሳ፤ «ይህ እኮ አዝማች ነው። የአዝማች ሥራው ተመልሶ መምጣት ነው። ሙሽሪት ባሏ ቅኔ ሊማር ሲሄድ ትለዋለች፤ ሲዘገይባት ትለዋለች፤ እንደማይመለስ ሲገባት ደግሞ ትለዋለች። ቃሉ ያው ነው።»

«ስሜቱ ሦስት ከሆነ ሦስት ግጥም ይገባዋል።»

«ቃሉ ያው ሆኖ ስሜቱ ሲለወጥ እኮ ነው ልብ የሚሰበረው!»

«የሙሽሪት?»

«የተመልካቹ!»

ሰይፈ ሥላሴ ዓይኑን አነሣና አያት። ረጅም አስተያየት አልነበረም፤ እንዲያው አንድ ሰው በሩን ከፍቶ ውስጡን ሳያሳይ መልሶ እንደሚዘጋው ያለ ነበር። ማርያማዊት ቶሎ ብላ ወደ ኪቦርዷ አቀረቀረች። ሰው ባለበት እርስ በርስ ሲተያዩ ሁልጊዜ ቀድማ የምታቀረቅረው እሷ ነበረች፤ ካቀረቀረች በኋላ ደግሞ ሁልጊዜ ትናደዳለች።

ሰውዬው ግትር ሆኖ አይደለም። እሱ ባደገበት ቅኔ ቤት ሕጉ ይኸው ነው። ቅኔ ለዕለቱ ታስቦ ይቆጠራል፣ ለዕለቱ ይባላል፣ ከተባለ በኋላ ያልፋል። የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ይዞ የቆመ ተማሪ፣ ቅኔው ምን ቢያምር ጓደኞቹ ይሳለቁበታል። ሰይፈ ሥላሴ ከልጅነቱ ጀምሮ በየቅኔ ቤቱ እየዞረ የተማረው፣ አሁን ደግሞ ከአሸተን ማርያም ግርጌ ጉባኤ ዘርግቶ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ማርያማዊት ግን የኖረችው በሚደገም ነገር ነው። ልምምድ ይደገማል፤ ዘፈን ይደገማል፤ ትርኢት ያውም ዛሬ ታይቶ ነገ ይደገማል፤ ዕድል ከገጠመው።

የእሷ ሥራዎች ዕድል ገጥሟቸው አያውቅም። ሙጃ ውስጥ ከገበሬ ቤተሰብ ተወልዳ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቲያትር ስትማር፣ የሰው ልጅ ተናግሮ ተናግሮ ሲያቅተው መዝፈን ይጀምራል የሚል እምነት ያዛት፤ በዚያው ቀረች። የመጀመሪያ ሙዚቃዊ ቲያትሯን የተቀበለው አዘጋጅ «ሕዝቡ ወሬ ነው የሚፈልገው» ብሎ ዘፈኖቹን ቆረጠባት። የሁለተኛው አዘጋጅ «ሕዝቡ ዘፈን ነው የሚፈልገው» ብሎ ንግግሩን አወጣው። ሦስተኛው ሥራዋ እንዳለ መድረክ ላይ ወጣ፤ በምረቃው ምሽት መብራት ጠፋ፤ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ጩኸቱ ዘፋኞቹን ዋጣቸው። ያን ምሽት የመድረክ መብራት ሠራተኛው፣ ባሏ ደሳለ፣ ጣሪያው ሥር ካለው መሰላል ላይ ሆኖ በእጁ ባትሪ የተዋናዮቹን ፊት እየተከተለ ሲያበራ አመሸ።

ደሳለ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ታመመ፤ ሞተ። ስለ እሱ ሲጠይቋት «ነፍሱን ይማረው» ትልና ወሬ ትቀይራለች። የሚያውቋት ሰዎች ጠንካራ ናት ይላሉ። እሷ ዝም ትላለች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጮኻም፣ ማንንም ተቆጥታም አታውቅም፤ የሚያናድዳትን ሁሉ እየዋጠች ከሥራዋ ትውላለች።

ባለፈው ግንቦት የላሊበላ ወጣቶች የኪነት ቡድን «ነይና አብረን እንሥራ» ሲላት ዕቃዋን ሸክፋ መጣች። ስለ ቅኔ ተማሪና ስለ ሙሽሪቱ የሚሆን ታሪክ ይዛ ነበር። «የቅኔ ነገር ከሆነ መምህር ሰይፈ ሥላሴን ጠይቂ» አሏት። ጠየቀችው። መጀመሪያ የተሳሳተውን ሊያርምላት፣ ቀጥሎ ግጥም ሊያግዛት፣ ቀጥሎ ምክንያት ሳይኖረው መምጣት ጀመረ።

ሰኔ ላይ ነው የሆነው። የነአኩቶ ለአብን ደብር አይተው በእግር ሲመለሱ ዝናብ ያዛቸውና ከአንድ ወይራ ሥር ተጠለሉ። ውኃው ከቅጠሉ እየተንጠባጠበ ትከሻዋን ሲያረጥባት፣ ኩታውን አውልቆ ሳይነካት ደረበላትና፣ መንገዱን እያየ እንዲህ አላት፦

«ማርያማዊት፣ አንቺን መርጫለሁ። የሚያስቀርብኝን አውቄ ነው የምናገረው።»

የሚያስቀርበትን እሷም ታውቃለች። ሰይፈ ሥላሴ ዲያቆን ነው። አባቱ መሪጌታ ደባሱ ልጃቸው ቅስና ተቀብሎ በቤተ ሰባቸው ወግ መሠዊያው ፊት ሲቆም ለማየት ዕድሜያቸውን ሙሉ የጠበቁ ሰው ናቸው። ባሏ የሞተባትን ያገባ ዲያቆን ግን መቅደስ አይገባም፤ ቅስናውም ይቀራል። ማርያማዊት ያን ቀን ደሳለ ቆሞ የሚሰማቸው መስሏት፣ አፏ ላይ የመጣው ቃል ይህ ብቻ ነበር፦ «ዝናቡ አባርቷል፤ እንሂድ።»

ሲደግመው እመልስለታለሁ ብላ አሰበች።

አልደገመውም። ክረምቱ አለፈ፣ መስቀል አለፈ፣ ገናም አለፈ፤ ሰይፈ ሥላሴ በየሳምንቱ አዲስ ግጥም ይዞ ይመጣል እንጂ ያችን ቃል ሁለተኛ አላነሣትም። ተጸጽቷል ማለት ነው፣ አለች ለራሷ። ዝናብ የተናገረው ነው።

* * *

በዚያው ቀን ልምምዱ ሳያልቅ የአዳራሹ ቁልፍ ያዥ አቶ አረጋ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሩ ላይ ቆሙ። ባርኔጣ ማውለቃቸውን ስታይ ማርያማዊት ነገሩ ገባት። ባለፈው ጊዜም አውልቀው ነበር።

«እታለም፣ አዳራሹ ለቅዳሜ ተይዟል።»

«በእኛ ነዋ የተያዘው፣ ጋሼ አረጋ።»

«በስብሰባ።»

«የምን ስብሰባ?»

አቶ አረጋ ባርኔጣቸውን እጃቸው ላይ አዞሩት። «የባህል እድገት።»

ወንዴ የማሲንቆውን ክር አንድ ጊዜ ሳብ አደረገው፤ እንደ ድመት ጮኸ። «ስለ ባህል ለማውራት ባህሉን አስወጡት ማለት ነው። ኧረ ደግ ነው!»

«እኔ ምን ላድርግ፤ እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ።»

«እሁድ አይሆንም?» አለች አመተ ጊዮርጊስ።

«ስብሰባው ሁለት ቀን ነው። ሰኞ ደግሞ…»

ሰኞማ ማንም መጨረስ አላስፈለገውም። ሰኞ ዐቢይ ጾም ይገባል። ጾም ከገባ ላስታ ውስጥ ማሲንቆ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ዘፈን የለም፣ ሠርግ የለም። ትርኢቱ እስከ ፋሲካ ቀረ ማለት ነው። በጥቅምት ይታያል የተባለው፣ በኅዳር ይሆናል የተባለው፣ «ገና ሲመጣ እንግዳም ይኖራል» ተብሎ የተላለፈው፣ ገና ላይ ደግሞ አዳራሹ የእንግዳ ማደሪያ ሆኖ የቀረው ትርኢት።

ማርያማዊት «እሺ» አለች። «እሺ፣ ጋሼ። እግዜር ይስጥልኝ።» ኪቦርዷን ከሶኬት ነቀለችና ሽቦውን በጥንቃቄ መጠቅለል ጀመረች። ሰይፈ ሥላሴ ከወዲያ ማዶ ቆሞ ሲያያት ተሰማት። አንድ ነገር ይበለኝ፣ አለች በልቧ። ማንኛውንም ነገር። እሱ ግን ተማሪዎቹ እንደሚጠብቁት ተናግሮ ሰው ሁሉ ፊት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሥቶ ወጣ።

«አይዞሽ እትዬ» አላት ወንዴ፣ ሽቦውን ከእጇ ተቀብሎ። «ከፋሲካ በኋላ እንሠራዋለን። መምህር ግን እንጃ፤ ያኔ ሙሽራ ናቸው፤ ለእኛ ጊዜ የላቸውም።»

«የምን ሙሽራ?»

«አልሰማሽም? መሪጌታ ደባሱ የቄስ ልጅ አጭተውላቸዋል አሉ። ከፋሲካ በኋላ ተክሊል፣ ጳጳሱ ሲመጡ ደግሞ ቅስና። አገሩ ሁሉ እያወራው!»

አመተ ጊዮርጊስ በክርኗ ጎሸመችው፤ ግን ቃሉ ወጥቶ ነበር። ማርያማዊት ፈገግ አለች። እንዲህ ያለውን ፈገግታ አዲስ አበባ ላይ አዘጋጆች ፊት ተምራዋለች። «ደስ ይላል» አለች። «ይገባቸዋል።» ኪቦርዷን ተሸክማ ከአዳራሹ ወጣች። ክብደቱ የኪቦርዱ ብቻ ቢሆን በወደደች።

* * *

በማግስቱ ጠዋት ለቀጣዩ ቀን በወልድያ መኪና ቦታ ያዘች። ከዚያ ክፍሏ ገብታ ደብዳቤ ጻፈች። ብዙ ጻፈች፣ ብዙ ቀደደች። «ለምን» ብላ የጀመረችውን ሁሉ ቀደደች። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነበር፦

«ለመምህር ሰይፈ ሥላሴ። ስለ ሰጡኝ ምክርና ግጥም ከልብ አመሰግናለሁ። ነገ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ለትዳርዎና ለክህነትዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። ማርያማዊት።»

አመተ ጊዮርጊስ እንድታደርስላት ስትሰጣት ልጅቷ ክፍቱን ወረቀት ያላንዳች እፍረት አነበበችው። «እትዬ፣ ማኅተሙ የት አለ?»

«የምን ማኅተም?»

«የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ማኅተም የለውም እንዴ?» ቀና ብላ አየቻት፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም። «እኔ እኮ መድረክ ላይ ሙሽሪትን ስጫወት ከማን እንዳየሁ አውቃለሁ። እሳቸው በበሩ ሲገቡ አንቺ የምትሆኚውን ነው የምሠራው።»

«ሂጂ አድርሽልኝ፣ አመቴ።»

ሄደች። ማርያማዊት ሻንጣዋን አልጋው ላይ ከፍታ ልብስ ማጠፍ ያዘች። ያጠፈችውን መልሳ ትዘረጋለች፤ መልሳ ታጥፋለች። ከሰዓት በኋላ በሩ ሲንኳኳ እጇ ውስጥ የነበረው ሹራብ ወደቀ።

እሱ አልነበረም። መሪጌታ ደባሱ ነበሩ። ጥምጥማቸው እንደ ወትሮው አልተስተካከለም፤ መቋሚያቸውን ተደግፈው ትንፋሻቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። ዳገቱን በእግራቸው ወጥተውት ነው።

«ማርያማዊት የምትባዪው አንቺ ነሽ?»

«ነኝ፣ አባቴ። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ቆሜ የምናገረው ነው።» ሻንጣዋን አዩት። «እውነት ነዋ። ልትሄጂ ነው።»

«ነገ ነኝ።»

«ልጄን መቅደሱን አስጥለሽው፣ ከዚያ ትተሽው ልትሄጂ?»

ማርያማዊት የሰማችው አልገባትም። «ምን አሉኝ?»

«ከሰኔ ወዲህ ሰይፈ ሥላሴ መቅደስ አልገባም። አንድ ቀን እንኳ። ሌሎቹ ዲያቆናት ለብሰው ሲገቡ እሱ ከደብተራዎቹ ጋር ውጭ ቆሞ ነው የሚያስቀድሰው። ሰው ታሟል አለ፤ እኔም ታሟል ብዬ ነበር። ብጠይቀው ምን አለኝ? ‹አባቴ፣ ባሏ የሞተባትን ሴት መርጫለሁ። ልቤ ከወጣ እግሬ አይገባም፤ ታቦት ፊት አልዋሽም› አለኝ።» ሽማግሌው ድምፃቸው ተሰነጠቀባቸው፤ ጠበቁት እስኪመለስ። «ለመንሁት። ተቆጣሁት። የቄስ ልጅ ጠየቅሁለት፤ የላክኋቸውን ሽማግሎች ከመንገድ መለሰብኝ። አገር የሚያወራውን ሰምተሽ እንደሆን የእኔ ምኞት ነው የሚወራው፤ የእሱ አይደለም። ዛሬ ደግሞ ያችን ወረቀት አምጥታ ልጅቱ ሰጠችው። አነበበና ቁጭ አለ። ተማሪ ቅኔ ሲነግረው አይሰማም። እኔ ልጄን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።»

ማርያማዊት የበሩን መቃን ያዘች። ከሰኔ ጀምሮ ማለት ነው። ከወይራው ሥር ከተነሡ ጀምሮ። እሷ ልምምድ፣ ኖታ፣ ቀን ቆጠራ ስትል ቅዳሴ የምትደርሰው አልፎ አልፎ፣ ያውም ከሴቶቹ ወደ ኋላ ነው። ማን ገባ፣ ማን ውጭ ቀረ ብላ አይታ አታውቅም። ካህን ቤት ያደገች ሴት ብትሆን በመጀመሪያው እሁድ ታውቀው ነበር።

«አላወቅሁም፣ አባቴ። አልነገረኝም።»

«ነግሬአታለሁ ብሎኛል።»

«መቼ?»

«ሰኔ ላይ ነዋ!»

«ከዚያስ ወዲህ?»

መሪጌታ ደባሱ ግራ ተጋብተው አዩዋት፤ እንደ እብድ። «ተነገረሽ አይደል እንዴ፣ ልጄ? ስንት ጊዜ ነው የሚነገረው?»

ማርያማዊት ሳቀች። ሊቁ ሰውዬ ደጇ ላይ ልባቸው ተሰብሮ ቆመው፣ እሷ ሳቀች፤ ሳቁ ደግሞ ለቅሶ ሆነባት፤ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«አልመርቅሽም» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው። «ደስ አላለኝም፤ ደስ የሚለኝም አይመስለኝ። ግን ሰው ሁለቱንም ሲያጣ ማየት አልችልም። የሄደው መቅደሱ ይበቃል።» መቋሚያቸውን አንሥተው ቁልቁለቱን ወረዱ። ማርያማዊት ከኋላቸው ስታይ ጀርባቸው የሰይፈ ሥላሴን ይመስል ነበር፤ ዞረው አለማየታቸውም እንደ እሱው ነበር።

* * *

ጉባኤው ከአሸተን ማርያም ተራራ ግርጌ፣ ሳር ክዳን ጎጆዎቹ የተሰደሩበት ተዳፋት ላይ ነው። ማርያማዊት ስትደርስ ተማሪዎቹ ቅኔ ሊቆጥሩ በየጥጋጥጉ ተበትነው ነበር። ሰይፈ ሥላሴ መምህሩ የሚቀመጥባት ድንጋይ ላይ ብቻውን ነበር። ሲያያት ተነሣ።

«እርስዎ ብለሽ ጻፍሽልኝ» አላት።

ሰው ሲኖር እርስዎ፣ ለብቻቸው ሲሆኑ አንተ ነበር የምትለው። ይህ ነው መጀመሪያ የተናገረው፤ መሄዷን አይደለም፣ እርስዎ መባሉን ነው። የዋጠችው ሁሉ ከዚያ ላይ ተነቃነቀ።

«መቅደስ እንደማትገባ ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሽ ነበር።»

«መቼ ነገርከኝ!» ድምፅዋ ገደሉን መትቶ ተመለሰ። «‹የሚያስቀርብኝን አውቄ ነው› አልከኝ እንጂ አስቀረሁ አላልከኝም! ክረምቱን ሙሉ፣ በጋውን ሙሉ አጠገቤ ተቀምጠህ ስለ አዝማች ትከራከረኛለህ፤ እኔ ደግሞ ተጸጽቷል ብዬ በየቀኑ እቀብርሃለሁ! አባትህ ሽቅብ ወጥተው ደጄ ላይ ቆመው ነው የሰማሁት!»

«አልመለስሽልኝም» አለ፣ ቀስ ብሎ። «ያን ቀን። ‹እንሂድ› አልሽኝ። መልስ የሚጠብቅ ሰው ደጅ ይጠናል እንጂ ደጋግሞ አይጮህም። ብደግመው… ማስገደድ መሰለኝ። ደግሞ፣ ማርያማዊት፣ ሁለተኛ ማለት የመጀመሪያውን መጠራጠር ነው። እኔ ያን ቃል ጠርጥሬው አላውቅም።»

«እኔ ጠረጠርኩት! አንተ ባለመጠራጠርህ እኔ ጠረጠርኩት!» እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «እኔማ ልመልስ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ብትደግመው ልመልስልህ ተዘጋጅቼ ነበር። ሰው መጀመሪያ የሰማውን አያምንም፣ ሰይፉ። ይደነግጣል። ሁለተኛ ሲሰማ ነው የሚያምነው። ሙያዬ ነው፤ ከዚህ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።»

ከዚያ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገር፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ ትናገር ጀመር።

«ደሳለ ቅኔ አያውቅም ነበር። ግጥም ጻፍ ብትለው ሽቦ ይቀጥልልሃል። ግን ከውጭ ስገባ፣ ወተት ልገዛ ወጥቼም ቢሆን፣ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነበር የሚለኝ። ‹መጣሽልኝ?› ይለኛል። ሌላ የለም። አንዳንዴ ይሰለቸኝ ነበር። ‹ወዴት እሄዳለሁ› ብዬው አውቃለሁ።» ተነፈሰች። «አሁን መልኩ እየራቀብኝ ነው። ሳቁ ራሱ እየጠፋብኝ ነው። ያ ድምፅ ግን አለ። በር ስከፍት አለ። ብዙ ጊዜ ስላለው ነው። አንድ ጊዜ ቢሆን ያለኝ፣ ምን ቢያምር፣ ይኼኔ አላገኘውም ነበር። ገባህ? ከሞት የሚተርፈው የተደጋገመው ነው።»

ከጎጆዎቹ ማዶ አንድ ተማሪ የግእዝ ስንኝ እያጉተመተመ አለፈ። ሰይፈ ሥላሴ አላየውም። ተማሪ ሁሉ የሚፈራው መምህር፣ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

«ልድገመው እንግዲህ» አለ በመጨረሻ። አፉን ከፈተ። ዘጋው። ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። «ማርያማዊት፣ አን…» እንደገና ዘጋው። «አልችልም። እንዲያው የሌላ ሰው ልብስ የለበስኩ ይመስለኛል። ያን ጊዜ የነበረኝ ያን ጊዜ ሄደ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ሻንጣዋን ታነሣ ነበር። ዛሬ ግን መምህሩ የሚቀመጥባትን ድንጋይ ሄዳ ተቀመጠችባትና፣ ተማሪን እንደሚጠይቅ መምህር ዓይን ዓይኑን አየችው። ይህን ጊዜ አላቀረቀረችም።

«አትድገመው፤ አዲስ ንገረኝ።»

«አሁን?»

«ቅኔ ለዕለቱ ነው አላልክም? ዛሬ ዕለት አይደለም?»

ሰይፈ ሥላሴ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ፀሐይ ከተራራው በላይ ብትወጣ፣ የእኔ ፀሐይ ግን…»

«የመጽሐፍ ነው። ሌላ።»

ፊቱ ደም መሰለ። ቁልቁል ከተማዋን አየ፣ ቆርቆሮዎቹን፣ መንገዱን። «እዚህ ተቀምጬ ቁልቁል ሳይ… ዱሮ ዓይኔ የሚሄደው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነበር። አሁን አዳራሹን ነው የሚፈልገው። በሩ ተከፍቶ እንደሆነ አያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።»

«ሌላ» አለች፣ ድምፅዋ ግን እንደ ቅድሙ አልጠነከረም።

ከዚያ ወደ እሷ ቀረበና ድንጋዩ አጠገብ መሬቱ ላይ፣ ተማሪ በሚቀመጥበት ቦታ ተቀመጠ።

«ደሳለን ውጣልኝ አልለውም» አለ። «የት ጋ እንደሚቆም አሳዪኝ። እኔ ከጎኑ እቆማለሁ።»

ማርያማዊት «ሌላ» ልትል አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። እጇ ሳታዘው ወርዶ የኩታውን ጫፍ ጨበጠ። ንዴቷ ግን ገና አልበረደም ነበር። ትርኢቷ እስከ ፋሲካ ቀርቷል፤ አባቱ ሳይመርቋት ሄደዋል፤ ይህ ሰው ደግሞ ከዛሬ ወዲያም፣ ለስንት ዘመን እንደሆነ እንጃ፣ ያናድዳታል። «ገና አልጨረስኩም» አለችው እያለቀሰች፤ «ገና እቆጣሃለሁ።» ይህን ስትል ልቧ ውስጥ አንድ የቆየ ቋጠሮ ላላ። ደሳለ ከሄደ ወዲህ ለማንም እንዲህ ተቆጥታ አታውቅም፤ ብትቆጣው ትቷት የማይሄድ ሰው ካጣች ብዙ ጊዜ ሆኗት ነበርና።